ደም ያልነካው ዛቢያ

ኃላፊው በግንባሩ ተደፍቶ ነው የተገኘው። የራስ ቅሉ ከበስተኋላ ተፈርክሷል። ደሙ የወለሉን ጣውላ ስንጥቅ ተከትሎ እስከ መስታወቱ ሣጥን ሥር ሄዶ ረግቷል። መነጽሩ ከሬሳው ራቅ ብሎ በሩ አጠገብ ወድቋል፤ ጥፍሮቹም ወለሉን ቧጥጠው ተነቅለዋል። የመጀመሪያው ምት አልገደለውም። በደረቱ እየተሳበ ሊያመልጥ ሞክሯል፤ ገዳዩ ግን ተከትሎ ጨርሶታል። ከሬሳው ጎን ስለቱ በደም የተለወሰ አሮጌ መጥረቢያ ተጋድሟል።

ቦታው የአንዲት ትንሽ የገጠር ወረዳ ሙዚየም ነው። ሙዚየም መባሉ ለክብሩ ነው እንጂ ቤቱ የድሮ እህል መጋዘን ነው። የተሰበረ ማረሻ፣ አይጥ የጎበኘው ኮርቻ፣ ክዳኑ የማይገጥም የሙሽራ ሣጥን፣ መሥራት ያቆመበትን ዘመን ማንም የማያስታውሰው የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ትልቅ የአውሬ ወጥመድ፤ ይኸው ነው። የወረዳው ሰው እንግዳ ሲመጣበት ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ውጭ ዝናብ ካላባረረው አይገባበትም።

አንዱን ክፍል ግን የማያውቀው የለም፤ የመጥረቢያዎቹን ክፍል። የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች ልጆች ሳሉ፣ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት ቤተሰቦች በግጦሽ መሬት ተጣልተው ወንዝ ዳር በመጥረቢያ ተራረዱ። ከላይ ቤት አባወራው ሞተ፤ ከታች ቤት ደግሞ አንድ ጎረምሳ። ከብዙ መከራ በኋላ ሲታረቁ ሁለቱም መጥረቢያቸውን አውጥተው ሰጡ። መጥረቢያዎቹ ከዚያ ወዲህ በአንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተዋል።

ሟቹ ኃላፊ የላይ ቤት ሰው ነበር። ልጆቻችን መጥረቢያ እያዩ አይደጉ ብሎ የሁለቱን ቤት ሽማግሌዎች ሲለምን ከርሞ፣ በመጨረሻ መጥረቢያዎቹ በእሳት ተግለውና ተቀጥቅጠው አንድ ማረሻ እንዲሆኑ አስወሰነ። ሥራውንም የታች ቤቱ ብረት ቀጥቃጭ እንዲሠራው ተስማሙ። ይህ ሊሆን የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። ሬሳው አጠገብ የተገኘውም የታች ቤት መጥረቢያ ነው።

የሟች ታናሽ ወንድም ባለወፍጮ ነው፤ ጉልበቱ ከጆንያ ጋር፣ ትዕግሥቱ ከዝንብ ጋር የሚመዘን ሰው። ወሬውን እንደሰማ ያጎቱን ልጆች አስከትሎ ወደ ቀጥቃጩ ሱቅ ሮጠ። ቀጥቃጩን እየጎተቱ አወጡትና ቀኝ እጁን በገዛ መስፉ፣ እንጀራ በሚበላበት የብረት መቀጥቀጫ ላይ ዘርግተው፣ በገዛ መዶሻው ጣት ጣቱን አደቀቁት። ሚስቱ እግራቸው ላይ ወድቃ ስትለምን አንዱ በርግጫ አፏን አላት። ከዚያ ሱቁን አቃጠሉት። ፖሊሶች ወደ ሰማይ ባይተኩሱ ኖሮ ሰውዬውንም እሳቱ ውስጥ ይከቱት ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው፤ ግን ያን ዕለት አይጡ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ የፈለገ አልነበረም።

ኢንስፔክተሯ ከከተማ የደረሰችው ጭሱ ገና ሳይጠፋ ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል። ብዙ አትናገርም፤ ዝም ብላ ስታይ ግን ሰው አዝራሩ የተፈታ እየመሰለው ልብሱን ይዳስሳል።

የጣቢያው አዛዥ ነገሩን ባጭሩ ነገራት። ቀብሩ ነገ ቀትር ላይ ነው። ላይ ቤቶች ከቀብር መልስ ወደ ታች ቤት ሊወርዱ ምለዋል። ታች ቤቶችም እጃቸውን አጣጥፈው አይጠብቁም፤ ሴትና ሕፃናቱን ከአሁኑ እያሸሹ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው ኢንስፔክተር» አላት። «ያሉኝ ፖሊሶች ስድስት ናቸው። ቀጥቃጩን ወደ ከተማ እንዳልወስደው መንገዱን ዘግተውብኛል። ነገ ይገሉታል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማን ማንን እንደሚገድል እግዜር ይወቀው።»

እሷ ግን ቀጥቃጩ ዘንድ አልሄደችም፤ መጀመሪያ ወደ ሬሳው ገባች።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ተንበርክኮ ቁስሉን ያይ ነበር። ወጣት ነው፤ ፊቱ ነጥቷል።

«በመጥረቢያ የተመታ ሰው አይቻለሁ» አለ። «መጥረቢያ ይከፍታል። ይኼ አልተከፈተም፤ ተቀጥቅጧል።»

«በመጥረቢያው ጀርባስ ቢሆን?»

«ጀርባው ሰፊ ነው። ይኼ ጠባብና ረጅም ነገር ነው። ዱላ እንዳልል ከዱላ የከበደ ነው።»

ኢንስፔክተሯ መጥረቢያው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ብረቱ ግራና ቀኙ በደም ተለውሷል፤ ብረቱ አልቆ እንጨቱ ሲጀምር ግን ደሙም አብሮ ያልቃል። በዛቢያው ላይ ጠብታ እንኳ የለም። ያለው አንድ የቆየ ጥቁር እድፍ ብቻ ነው። ዛቢያው በብረቱ ቀዳዳ ወጥቶ ብቅ ያለበትን ጫፍ በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ ጥፍሯን አየች፤ ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች።

ሣጥኑ አልተሰበረም። ቁልፉ ከሟች ኪስ ወጥቶ ተሰክቶበታል። ለሁለት ክንድ የሚከብደው የመስታወት ክዳን ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተነጥፎለታል።

የቅርስ ጠጋኟ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ጣቶቿ በማጣበቂያና በቀለም የጠነከሩ ሴት ናት። ጠዋት በሩን ከፍታ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠችና ስለ ሬሳው ምንም ሳትጠይቃት ስለ ብርድ ልብሱ ጠየቀቻት።

«ክዳኑን ስናነሣ ሁልጊዜ እሱ ላይ ነው የምናስቀምጠው። አለበለዚያ ጠርዙ ይሸረፋል።»

«ስናነሣ ስትዪ እነማን ናችሁ?»

«ኃላፊው፣ እኔና መምህር።» ተናግራ ስትጨርስ የተናገረችው ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ ኢንስፔክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ዛቢያው አንድ ነገር ጠየቀቻት። ጠጋኟ ፊቷ ቀላ፤ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች መለሰችላት። ምን እንዳለቻት ሌላ ሰው አልሰማም። ኢንስፔክተሯ ብቻ እስከ ነገ ለማንም እንዳትናገር አስጠንቅቃት ሄደች።

መምህር የሚባሉት አስጎብኚው ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው። ወረዳውን በሙሉ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ጣቢያው ውስጥ ካሉት ፖሊሶች ግማሹ በማስመሪያቸው መዳፉን የቀመሰ ስለሆነ፣ ሲገቡ ሳያስበው ብድግ ይላል። ቀጥቃጩና ኃላፊው ትናንት ከሰዓት በኋላ ሲጯጯሁ ሰማሁ ብለው ለባለወፍጮው የነገሩትም እሳቸው ናቸው። ኢንስፔክተሯ ይህንን አልጠየቀቻቸውም። ሙዚየሙን ያስጎብኙኝ አለቻቸው።

ሰውዬው መጀመሪያ ደነገጡ። ሬሳው ገና ተነሥቶ ደሙ ያልታጠበበት ቤት ነው። ግን ያመል ነገር ሆኖ ከኮርቻው ጀምረው ወጥመዱን፣ ከወጥመዱ የሙሽራዋን ሣጥን እያሉ ሲሄዱ ድምፃቸው ሞላ፣ ጀርባቸው ቀና። መጥረቢያዎቹ ዘንድ ሲደርሱ ደሙን በጥንቃቄ ዞረው ቆሙ።

«ሰው ሁሉ ስለቱን ነው የሚያየው» አሉ። «እኔ ዛቢያውን እዩ እላለሁ። ብረት ሲያጥቡት ይጠራል። እንጨት ግን የጠጣውን አይመልስም። ይኼ ጥቁሩ የዚያን ቀን ደም ነው።»

«የማን ደም?»

«የአንድ መንገደኛ። በሁለቱ መሀል የገባ። ጫማውን በግራ እጁ ይዞ ወንዙን ሊሻገር ሲል ከጠቡ መሀል ገባ። ዞር በል እንኳ ያለው የለም።»

«የሞቱት ሁለት ናቸው ሲባል ነበር የሰማሁት።»

«ሲታረቁ የተቆጠሩት ሁለት ናቸው» አሉ መምህር። «እሱ የሚቆጥርለት ወገን አልነበረውም። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው፤ ሲታረቁም ሣሩን ማን ያየዋል?»

ኢንስፔክተሯ አመሰግናለሁ ብላቸው በጓሮ በኩል ወጣች። የጓሮውን በር ከውስጥ የሚይዘው አንድ የብረት መወርወሪያ ነው፤ ክንድ የሚያህል፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ። በሩ፣ ማጠፊያው፣ ግድግዳው ሁሉ የስንት ዘመን አቧራና ቅባት ተጋግሮበታል። መወርወሪያው ብቻ ጥርት ብሏል፤ ላዩ ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ስስ አዲስ ዝገት ጣል ጣል አድርጎበታል። በጨርቅ ጠቅልላ ለሐኪሙ ላከችለት። ሐኪሙ ከቁስሉ ጋር ለካውና ይገጥማል ብሎ ላከባት።

ቀጥሎ ባለወፍጮው ነበር። ለቅሶ ቤት ከወንዶቹ መሀል ተቀምጦ አገኘችው። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ተገሽልጧል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤት እንደነበረ፣ እህል ያስፈጩ ሰዎች ሊመሰክሩለት እንደሚችሉ በቁጣ ነገራት። ማረሻው እንዲሠራ ፈልጎ እንደነበር ስትጠይቀው አልዋሸም። ሰሞኑን ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ ነበር፤ ያያቴን ደም በማረሻ ትለውጣለህ ወይ ብሎ እንደሰደበውም አመነ። ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሳይታረቁ ነው ወንድሙ የሞተበት።

«እጁን የሰበርከው ሰው ያልገደለ ቢሆንስ?» አለችው።

«መጥረቢያቸው ነው የገደለው።»

«መጥረቢያ ብቻውን አይሄድም።»

«እንግዲህ ነገ አብረነው እንሄዳለን» አለና ፊቱን አዞረ። በዙሪያው የተቀመጡት ወንዶች አንዳቸውም አልገሠጹትም።

ቀጥቃጩ ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ነበር። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ የሕፃን ራስ አክሏል። ከንፈሯ ያበጠ ሚስቱ ውሃ ታጠጣዋለች። በር ላይ ሁለት ፖሊሶች አሉ፤ መንገዱ ማዶ ደግሞ አራት የላይ ቤት ጎረምሶች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከኃላፊው ጋር መጯጯሁን አልካደም። ኃላፊው ማረሻውን ወረዳው አደባባይ ላይ፣ ሕዝብ ፊት እንቀጥቅጠው ብሎት፣ እሱ ደግሞ ሥራ እንጂ ትርኢት አልችልም ብሎ ተከራከሩ። ሲለያዩ ግን ስቀው ነው የተለያዩት።

«ሐኪሙ ይቺ እጅ መዶሻ አትይዝም አለኝ» አለ። «ይኸው ነው ያለኝ ኢንስፔክተር። መሬት የለኝም። ይኼው እጄ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ አያቱ ስለዚያ ወንዝ ዳር ቀን አውርቶለት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሊሞት ሲል ብቻ። የገደልኩትን ጠላቴን አይደለም የማልመው አለኝ። መሀል የገባውን ሰው ነው። ልጅ ይዞ ነበር አለኝ፤ ልጁ ሸሸ። ከእኔና ከልጁ በቀር ያየ የለም፤ ሌሎቹ ወዲያ ማዶ ይራረዱ ነበር ብሎኛል።»

«ልጁ ምን ሆነ?»

«ወደ መጡበት ሩቅ አገር ተመለሰ ነው የተባለው። ከዚያ ወዲህ ማን ያውቃል።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ከቀብሩ በፊት፣ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም መጥረቢያዎቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባለወፍጮው አልመጣም ብሎ ነበር፤ ገዳዩን ታያለህ ስትለው መጣ። ያጎቱ ልጆች በሩን ሞልተው ቆሙ። ቀጥቃጩ ሚስቱን ተደግፎ ገባና ከባለወፍጮው ርቆ ግድግዳ ሥር ተቀመጠ። ጠጋኟ ጥግ ይዛለች። መምህር ሣጥኑ አጠገብ፣ ለጉብኝት በሚቆሙበት ቦታ ላይ ቆመዋል። መጥረቢያው ተመልሶ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ኢንስፔክተሯ እጅ ነው። መወርወሪያውን ጨርቁን ፈትታ ሣጥኑ ላይ አኖረችው።

«ወንድምህን የገደለው ይኼ ነው» አለችው ባለወፍጮውን። «መጥረቢያው ማንንም አልመታም። ሐኪሙ ይነግርሃል፤ ቁስሉ የተቀጠቀጠ ነው፤ ከዚህ ብረት ጋር ይገጥማል። ገዳዩ ይህን በጓሮ ቧንቧ አጥቦ ወደ ቦታው መለሰው። የታጠበ ብረት ሳይደርቅ ከቀረ ይዝጋል፤ ይኸው ዝጓል።»

«መጥረቢያው ላይ ያለው ደምስ?» አለ ባለወፍጮው።

«የወንድምህ ነው። ገዳዩ ስለቱን ከፈሰሰው ደም ነክሮ ከጎኑ አጋደመው። ለምን? አንተ አይተህ ሌላ ሳትጠይቅ እንድትሮጥ። አንተም አላሳፈርከውም፤ ሮጥክ።»

አንዱ ያጎቱ ልጅ እግሩን ቀየረ።

«መጥረቢያውን ከዚህ ሣጥን ማን አወጣው? ቀጥቃጩ ቢሆን መስታወቱን በክርኑ አንድ ጊዜ ደቆስ አድርጎት ይወጣ ነበር። ይኼ ሰው ግን ሰው ገድሎ፣ እጁ ደም እየነካ፣ ከሬሳው ኪስ ቁልፍ ፈልጎ አወጣ። ከዚያ ብርድ ልብስ አምጥቶ አጣጥፎ አነጠፈና ክዳኑ እንዳይሸረፍ እሱ ላይ አስቀመጠው። ያመል ነገር ነው። እንዲህ የሚያደርጉት በዚህ ቤት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል።»

ሁሉም ወደ ጠጋኟና ወደ መምህር ዞረ። ጠጋኟ መሬት መሬት ታያለች። መምህር አልተንቀሳቀሱም።

«አሁን ዛቢያውን እዩልኝ። ብረቱን ደም ሲያለብስ ዛቢያውን ጠብታ አላስነካውም። ለመያዝ እንኳ በጨርቅ ነው የያዘው። ለብረቱ ያልሳሳ ሰው ለእንጨቱ ለምን ሳሳ? ብረት ሲታጠብ ይጠራል፤ እንጨት የጠጣውን አይመልስም። ትናንት እንዲህ ብለው ያስተማሩኝ መምህር ናቸው።»

«ይህን ለጎብኚ ሁሉ እላለሁ» አሉ መምህር በዝግታ። «የተማርኩትም ከእሷ ነው። እሷም ታውቀዋለች።»

«ልክ ነው። ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። እንግዲህ አንቺ ተናገሪ እህቴ።»

ጠጋኟ ተነሣች። እጆቿን አንዱን በአንዱ ታሻሻለች።

«ያ ዛቢያ አሮጌው አይደለም» አለች። «አሮጌውን ነቀዝ በልቶት ሊበጠስ ደርሶ ነበር። ዓምና መምህር ለዓይናቸው ሕክምና ከተማ ተኝተው ሳሉ አዲስ ጠርቤ አስገባሁለት። ቀለም ቀብቼ አስረጀሁት፤ እድፉንም እኔው ነኝ ያስመሰልኩት። ኃላፊው ነው ለማንም አትናገሪ ያለኝ። ሰው የሚመጣው ያን እድፍ ሊያይ ነው፤ ተቀየረ ቢባል ማን ይመጣል አለኝ። አፍሬበት ኖሬያለሁ።»

መምህር ጎንበስ ብለው መስታወቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ዛቢያውን ያዩት ጀመር።

«ስለዚህ እሷ ብትሆን ኖሮ ዛቢያውን የምታተርፍበት ምክንያት የለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «የገዛ እጇ ሥራ ነው፤ ነገ ሌላ ትጠርባለች። ዛቢያውን ያተረፈው አሮጌው የመሰለው ሰው ነው። እድፉ እውነተኛ የመሰለው። ሌላ ደም እንዲቀላቀልበት ያልፈለገ።»

ድምፅዋን ለሰለስ አደረገች። «መምህር፣ መንገደኛው ጫማውን በግራ እጁ ይዞ ነበር አሉኝ። ይህን ሌላ ማንም አያውቅም። ያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የቀጥቃጩ አያት ነበሩ፣ ሞተዋል። ሌላው ሸሽቶ ያመለጠው ልጅ ነው።»

መምህር ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ቀኝ እጁ እኔን ይዞ ነበር» አሉ። «ሲወድቅ አልለቀቀኝም። ጣቱን አንድ በአንድ አላቅቄ ነው የሮጥኩት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሩ፤ ለመደበቅም አልሞከሩም። አድገው አስተማሪ ሆነው ሲመለሱ ያወቃቸው የለም። እሳቸውም አልተናገሩም። እርቁ አልቋል፣ ካሳው ተከፍሏል፣ የአባታቸው ስም የትም የለም፤ መቃብሩንም ወንዙ በልቶታል። የቀራቸው ያ ዛቢያ ብቻ ነበር። ጡረታ ሲወጡ አስጎብኚ የሆኑት ለእሱ ብለው ነው። በየቀኑ አጠገቡ ይቆማሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ ሌላው ሲረሳ እሳቸው አልረሱም። ኃላፊው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በደስታ ስለ ማረሻው ሲያወራላቸው ታግሠው ሰሙት። ዛቢያዎቹስ ብለው ጠየቁት። ለከሰሉ እሳት ማቀጣጠያ ይሆናሉ አላቸው።

«እንደ ቀልድ ነው ያለው» አሉ መምህር። «የገዳዩ የልጅ ልጅ የአባቴን ደም አቀጣጥሎ ብረት ሊያግልበት ነው። አንዴ መታሁት። ሲሳብ ሳየው ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። ከዚያ አሰብኩ። መጥረቢያው ሰው ገደለበት ከተባለ ፖሊስ ይወስደዋል፤ ፖሊስ ደግሞ ማስረጃ አያቃጥልም። ለእነሱም» ብለው ወደ ቀጥቃጩ አገጫቸውን አነሡ፣ «ለእነሱም አላዘንኩም።» ወደ ጠጋኟ ዞሩ። «አሮጌውን የት አደረግሽው ልጄ?»

ጠጋኟ ማልቀስ ጀምራለች። «አቃጠልኩት መምህር። ነቀዙ ወደ ሌላው ዕቃ እንዳይሄድ።»

ሽማግሌው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁና ሣጥኑን ተደገፉ።

ባለወፍጮው ያን ጊዜ ነው የዘለለው። ፖሊሶቹ ሳይደርሱበት የመምህርን ሽበት ከኋላ ጨብጦ ፊታቸውን መስታወቱ ላይ አላተመው። መስታወቱ ተሰነጠቀ። ደገመው፤ ረገፈ። የአፍንጫቸው አጥንት ሲሰበር ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ሰማ። ከስብርባሪው አንድ ረጅም ስለት ያለው መስታወት አንሥቶ የገዛ መዳፉን እየቆረጠው አንገታቸው ላይ አደረገ። ያጎቱ ልጆች በሩን ዘጉ። ኢንስፔክተሯ ሽጉጧን አወጣች፤ ግን ሁለቱ ተጣብቀው ስለነበር መተኮስ አልቻለችም።

ቀጥቃጩ ሚስቱን ገፍቶ ተነሣ። በግራ እጁ የባለወፍጮውን የእጅ አንጓ ያዘ። ያ እጅ ብረት ሲያነሣ የኖረ ነው፤ ስለቱ ባለበት ቀረ። የሁለቱ ሰዎች ፊት ሊነካካ ደርሷል።

«ልቀቀኝ» አለ ባለወፍጮው። «ወንድሜን ነው የገደለው።»

«አውቃለሁ። የኔን እጅ ደግሞ አንተ ነህ የገደልከው፤ ምንም ሳላደርግህ» አለው ቀጥቃጩ። በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን ዓይኑ ሥር አመጣለት። «ዕዳህ ያለው እኔ ዘንድ ነው። መጀመሪያ የኔን ክፈል፤ ከዚያ እሳቸውን ትገድላለህ።»

ባለወፍጮው ፋሻውን አየ። ደሙ በፋሻው እንደ አዲስ ሊወጣ ጀምሯል። ጣቶቹ ተፈቱና መስታወቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ተንበርክኮ ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለ ሲያለቅስ ያጎቱ ልጆች የሚያደርጉት አጥተው ከበሩ ገለል አሉ። አንደኛው ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወጥቶ ሄደ።

ኢንስፔክተሯ የመምህርን እጅ ስታስር ሐኪሙ ፊታቸውን በጨርቅ ይዞላቸው ነበር። ሊወስዷቸው ሲሉ ቀጥቃጩ ከፊታቸው ቆመ። እሱንም ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ሊሰድባቸው ነው ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«መምህር» አለ፤ «አባትዎ ሥራቸው ምን ነበር?»

ሽማግሌው በደሙ መሀል አፈጠጡበት። ይህን ሁሉ ዘመን ዛቢያውን ሲያሳዩ ስንት ሰው አልፏል፤ ይህንን የጠየቃቸው አልነበረም።

«የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ» አሉ። «ከሩቅ አገር እየመጣ ነበር የሚቆፍረው። ያን ቀን የቆፈረበትን ተቀብለን ወደ ቤታችን እየሄድን ነበር።»

«የማንን ጉድጓድ?»

«የናንተን» አሉ መምህር። «ከቤታችሁ ጓሮ፣ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ያለውን።»

ቀጥቃጩ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሁለቱም ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ የኖሩት ከዚያ በተቀዳ ውሃ ነው።

«እስከ ዛሬ ደርቆ አያውቅም» አላቸው።